ለኩባ የተለመነ ዝናብ

ልጅ ሳለሁ ዓለምን ለመዞር የሚያስፈልገኝ አንድ የጥይት ሳጥን ብቻ ነበር። አረንጓዴ ቀለሙ የተላላጠ፣ በሁለት ጎኑ የገመድ እጀታ ያለው የእንጨት ሳጥን ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የጠመንጃ ዘይት ይሸታል፣ ውስጡ ግን በጥይት ፋንታ ሃያ ሦስት መጻሕፍት ነበሩበት። አባቴ የተበተነው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ነበር። ጓደኞቹ ገሚሶቹ በሞያሌ በኩል ሲወጡ፣ ገሚሶቹ ወደየትውልድ ቀያቸው ሲመለሱ፣ እሱ እናቴንና እኔን ይዞ እዚሁ ነገሌ ቀረ፤ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። የጦር ሰፈሩ መጻሕፍት በየሱቁ የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ መሆን በጀመሩበት ሰሞን አንድ ቀን ሳጥኑን በትከሻው ተሸክሞ መጣ። እናቴ ዱቄት መስሏት ተሯሩጣ አወረደችው፤ ከፍታ ስታየው ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ተቦክቶ ይጋገራል?»

«ለሷ ነው» አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ እያመለከተ። አባቴ ሁሌም ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር።

ከመጻሕፍቱ አሥራ ስምንቱ ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሱ ልብ ወለዶች ነበሩ። አምስቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለነበሩ ከሳጥኑ ሥር ቀበርኳቸው። ሩሲያ አለ፣ ህንድ አለ፣ ግብፅ አለ፣ ስሙን አጥርቼ መጥራት የማልችለው አገር ሁሉ አለ። ያኔ ለእኔ ከነገሌ ውጭ ያለው ሁሉ እኩል ሩቅ ነበር። የአማርኛ መማሪያ መጽሐፋችን ራሱ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚወርድባቸው፣ ወንዝ የሚሞላባቸው ወራት ናቸው ይላል፤ እኛ ጋ ሐምሌ ማለት ደረቅ ብርድና አቧራ ነው። ስለዚህ መማሪያ መጽሐፉ የሚያወራለት አገርም ከውጭ አገሮች አንዱ ይመስለኝ ነበር።

የምንኖርበት የኪራይ ቤት የአካኮ ጉዮ ሴት ልጅ ግቢ ውስጥ ነው። አካኮ በኦሮምኛ ወንድ አያት ማለት ነው፤ የሥጋ አያቴ ባይሆኑም ሌላ አያት አላውቅም ነበርና እንደዚያው እጠራቸው ነበር። አካኮ ዕድሜያቸውን የፈጁት ዱብሉቅ አካባቢ፣ ሰው ከሰው በላይ ተደርድሮ እየዘፈነ ውሃ ከሚያወጣባቸው ጥልቅ ኤላዎች በአንዱ አፍ ላይ ነው። የማን ከብት ዛሬ ይጠጣል፣ የማን ነገ፣ የመንገደኛው ግመል መቼ ይገባል፣ ይህን ተራ የሚያስከብሩ እሳቸው ነበሩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ ልጃቸው ወደ ነገሌ ስታመጣቸው የሚያስከብሩት ተራ አጡ፤ በከብቱ ፋንታ እኛን የግቢውን ልጆች ሰልፍ አስያዙን።

ጀምበር ስትጠልቅ ልጃቸው የወተት ዕቃዎቹን በእንጨት ጢስ አጥና ስትጨርስ የተረፈውን ፍም ደጃፉ ላይ ታፈስላቸዋለች። ኩራዙ ከበሩ መቃን ላይ ይንጠለጠላል፤ እኛ ፍሙን ከብበን እንቀመጣለን። አካኮ ተረት የሚጀምሩት ዝም በማለት ነበር። እኛ ዝም እስክንል ዝም ይላሉ፤ ፍሙ ሲንጣጣ መስማት ስንጀምር ያኔ አፋቸውን ይከፍታሉ። የጅቡንም፣ የቀበሮውንም፣ ኤላ ውስጥ ገብቶ መውጫ የጠፋውን ስስታም ሰውም ያወቅሁት በዚያ ፍም ዳር ነው።

አንድ ቀን መጽሐፍ ይዞኝ ዘግይቼ ደረስኩ።

«ቀኑን ሙሉ የት ጠፋሽ፣ ኢንታላ?» አሉኝ። ኢንታላ ሴት ልጅ ማለት ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«ሩሲያ ነበርኩ» አልኳቸው ለቀልድ። ልጆቹ ሳቁ። አካኮ ግን አልሳቁም። ወገባቸውን አቀኑ፣ በትራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

«ናጋ?» አሉ። ሰላም ነው ወይ ማለታቸው ነው።

«ናጋ» አልኩ፣ ግራ ገብቶኝ።

«ኦዱ?»

በቦረና አገር ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ኦዱ ሳይሰጥ አረፍ አይልም። ኦዱ ወሬ ነው፤ ሆኖም ለመዝናኛ የሚወራ ወሬ አይደለም። ዘንቧል ወይ? ሣሩ እንዴት ነው? ውሃው ከየት ይቀዳል? ላሞቹ ይታለባሉ? ሰዉ ሰላም ነው? እየተባለ በየተራ ይጠየቃል፣ በየተራ ይመለሳል። በዚያ መልስ ሰው ከብቱን ይነዳል፤ ሰፈር ይነቀላል። አካኮም ሩሲያ ነበርኩ ካልኩ ዘንዳ ሩሲያን መጠየቅ ነበረባቸው፤ ጠየቁኝ።

«ዝናቡስ?»

«በረዶ ነው አካኮ። መሬቱን እስከ ጉልበት ይሸፍነዋል። ወንዙ ራሱ ይጠጥርና ሰው በላዩ ይሄዳል።»

«ወንዙ ከጠጠረ ከብቱ ምን ይጠጣል?»

ይህን አላሰብኩበትም። በማግስቱ ያነበብኩትን መጽሐፍ ከመጀመሪያው ጀምሬ አገላበጥኩ፤ አንድ ገበሬ በጠዋት ተነሥቶ የወንዙን በረዶ በመጥረቢያ ሲፈልጥ፣ ፈረሱ ከስንጥቁ ሲጠጣ አገኘሁት። ስነግራቸው ጭናቸውን መቱ። «አይ! እነሱም ይቆፍራሉ በይኛ!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሩሲያውያን ለአካኮ ውሃ በመጥረቢያ የሚቆፍሩ ጎረቤቶች ሆኑ።

ነገሩ ደንብ ሆነ። መጽሐፍ በጨረስኩ ቁጥር ከአጠገባቸው ባለችው በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ፤ ያቺ በርጩማ የኦዱ አምጪ ናት፣ ሌላ ልጅ አይቀመጥባትም። መጀመሪያ አገሩን እነግራቸዋለሁ፣ ቀጥሎ እሳቸው ተረት ይነግሩናል። በአንድ የእንግሊዝ ከተማ ልብ ወለድ የተነሣ ልንጣላ ደርሰን ነበር።

«ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ማንም ውሃ አልጠጣም?»

«ሻይ ጠጥተዋል፣ አካኮ።»

«ሻዩ ታዲያ በምን ተፈላ? ውሃው ከየት እንደመጣ የማይናገር ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

የሰሙትንም በሆዳቸው አያስቀሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከብት ተራው አጠገብ ካለው ግራር ሥር ለሚቀመጡ ሽማግሌዎች ያደርሳሉ። የህንድ ወንዝ ሞልቶ ሰፈር መውሰዱን፣ የግብፅ ገበሬ በአንድ ወንዝ ብቻ መኖሩን የነገሌ ሽማግሌዎች የሰሙት ከእኔ ነው። ከእናቴ ጋር በገበያው ሳልፍ «ኦዱ አምጪዋ መጣች» ሲሉ እሰማና አንገቴ ይረዝማል። ኩራት ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ የአማርኛዎቹ መጻሕፍት አለቁ።

የቀሩት አምስቱ የእንግሊዝኛዎቹ ናቸው። አንዱ ሽፋኑ ላይ ዘንባባና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ስስ መጽሐፍ ነበር፤ ስለ ኩባ መሆኑን ከጀርባው አነበብኩ። ስድስተኛ ክፍልን ልጨርስ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ጀመርኩና ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምኩ፤ አንድ ቃል ሳውቅ አራቱን አላውቅም። ለአካኮ ግን ቀድሜ «ቀጥሎ ኩባ ነው የምሄደው» ብዬ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በርጩማዋ ባዶዋን ተቀመጠች። በአራተኛው ቀን ሄጄ ተቀመጥኩባት።

«ናጋ?»

«ናጋ።»

«ዝናቡስ?»

አካኮን አውቃቸዋለሁ። የደላው አገር ሲሆን ተረቱ አጭር ነው፤ የቸገረው አገር ሲሆን ያዝኑለትና ረጅሙን ተረት ያወጣሉ። ይህን ደግሞ ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያጠናሁት። «ሦስት ዓመት አልዘነበም» አልኩ። «ሣሩ አልቋል። ያለው አንድ ኤላ ነው፣ እሱም እየጎደለ ነው። ላሞቹ ወድቀዋል፣ የሚያነሣቸው ጠፋ።»

አካኮ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። በዚያ ዓመት የእኛም የሚያዝያ ዝናብ ቀርቶ ነበር፤ የገበያው ከብት አጥንቱ ይቆጠራል። ቀጥለው እስከዚያ ቀን ነግረውን የማያውቁትን ተረት ጀመሩ።

በአንድ የድርቅ ዘመን እንስሳት ተሰብስበው ሰጎንንና ኤሊን ውሃ ፍለጋ ላኩ። ሰጎን በዚያው ቀን ተመለሰ፤ ከወዲያኛው ሜዳ ሲያብለጨልጭ አይቻለሁ አለ። ዝሆኑም፣ ቀጭኔውም፣ አጋዘኑም ግልገሉን አስከትሎ ነጎደ። ያብለጨለጨው የፀሐይ ነጸብራቅ ነበር። ከዚያ ሜዳ የተመለሱት ግማሾቹ ናቸው። ሁሉም የረሳት ኤሊ ከሦስት ወር በኋላ መጣች። ምን አየሽ ብሎ የጠየቃት የለም፤ ገልበጥ አድርገው ሆዷን አዩ። ጭቃ ነበረበት። የእግሯን ዱካ ተከትለው ሄዱ፣ ጠጡም።

«ስለዚህ ስለ ውሃ የሚያወራ ሰው ሲመጣ» አሉ አካኮ፣ ፍሙን በበትራቸው ጫፍ እየገፉ፣ «አባቶቻችን መጀመሪያ ጭቃው የታለ ይላሉ።»

ተረቱ ጣመኝ። ስለ እኔ መሆኑ ግን አልገባኝም ነበር፤ እሳቸውም ስለ እኔ ብለው አልነገሩኝም። አምነውኝ ነው የነገሩኝ፤ ዛሬ ሳስበው የሚቆጠቁጠኝ ይኼው ነው።

ቅዳሜ እናቴ ጨው ልትገዛ ስትሄድ ተከተልኳት። ከብት ተራው ጋ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ቆመው፣ በትራቸውን ይዘው ሲመርቁ አገኘናቸው። ምርቃቱን የሚመሩት አካኮ ናቸው፤ የቀሩት በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ «ሃ ታኡ» ይላሉ፣ ይሁን ማለት ነው፤ ዋቃ የሚሉት ደግሞ ፈጣሪን ነው።

«ዋቃ ሰላም ይስጥ!»

«ሃ ታኡ!»

«ለእኛ ለሊበን ሜዳ ዝናብ ይስጥ!»

«ሃ ታኡ!»

«ለኩባ ዝናብ ይስጥ! ኤላቸው ይሙላ! የወደቀው ላማቸው ይነሣ!»

«ሃ ታኡ! ሃ ታኡ!»

የእናቴን ነጠላ ጫፍ ያዝኩ። በዚህ መካከል አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከወር በፊት ወደ ከተማው የተዛወረው የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ለክትባት የመጡ ከብቶችን እያየ ኖሯል። ክፋት የለበትም፣ ደስ ብሎት ነው የሳቀው።

«አባቶቼ፣ ኩባ ነው ያላችሁት? እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ! የኩባ ዝናብ ጣሪያ ይዞ ነው የሚሄደው። ከጸለያችሁላቸውስ እንዲቆምላቸው ጸልዩ!»

ገበያው በሳቅ ተሞላ። ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ አንዱ የአካኮን ትከሻ መታ መታ አደረጉ። ከተማው ያን ዕለት የሐኪሙን ስም ረስቶ «ዶክተር ኩባ» አለው፣ እስኪዛወር ድረስም ሌላ ስም አልነበረውም። አካኮ ብቻ አልሳቁም። በትራቸውን ተመርኩዘው ወደ ቤት ጉዞ ጀመሩ። እኔ ከኋላቸው፣ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ፣ ያን የተሰበረ ዳሌያቸውን እያየሁ ተከተልኩ። ግቢው በር ላይ ቆሙ። ፊታቸውን ግን አላዞሩም።

«ያልዘነበውን ዘነበ ያለ ሰው ከብት ይገድላል» አሉ። «የዘነበውን አልዘነበም ያለ ሰውስ ምን ያደርጋል፣ ኢንታላ?»

ራሳቸው መለሱት።

«ጸሎት ይሰርቃል። የራሳችን ሰማይ ባዶ ሆኖ ሳለ ለሰው ለመንን። ሶባ ነበር።»

ሶባ ውሸት ነው። ከዚያ በኋላ አልተቆጡኝም፣ ከፍሙም አላባረሩኝም። በማግስቱ ስመጣ «ናጋ?» አሉኝ። «ናጋ» አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ኦዱ አላሉኝም። ዓይናቸውን ወደሚቀጥለው ልጅ አዞሩ። በርጩማዋን ልጃቸው ወደ ቤት አስገባቻት።

በሰው ዘንድ ወሬው የማይጠየቅ ሰው መሆን ምን እንደሆነ ያኔ አወቅሁ። ተረቱን እሰማለሁ፣ ይስቃሉ እስቃለሁ፣ ግን ከአጥር ውጭ ቆሜ የምሰማ ያህል ነበር። ከሳምንት በኋላ ጭራሽ መሄድ ተውኩ። ቤት ሆኜ የልጆቹን ሳቅ ስሰማ ቅናት አንገበገበኝ። አንድ ቀን ግን ማልቀሱ ሰለቸኝና የጥይት ሳጥኑን ከፈትኩ። የኩባውን መጽሐፍ አወጣሁ፤ ገጹን ቆጠርኩ፤ መቶ አሥራ ስምንት ነው። ትምህርት ተዘግቷል። በቀን ሁለት ገጽ ካነበብኩ ትምህርት ሳይከፈት እጨርሰዋለሁ አልኩ። ቢያመኝም፣ እናቴ ውሃ ብትልከኝም፣ እንግዳ ቢመጣም፣ ሁለት ገጽ ሳላነብ ላልተኛ ለራሴ ማልኩ።

መዝገበ ቃላት አልነበረኝም። የማላውቃቸውን ቃላት በእስክሪብቶ ክንዴ ላይ እጽፍና ጠዋት ጠዋት ዶክተር ኩባ በሞተሩ ወደ ገጠር ሳይወጣ ክሊኒኩ በር ላይ እደርስበታለሁ። የመጀመሪያው ቀን ክንዴን አይቶ ደነገጠ።

«ይህ ሁሉ ምንድን ነው?»

«የኩባ ቃላት ናቸው፣ ዶክተር።»

ስለ ኩባ ድርቅ ዋሽታ ሽማግሌዎቹን ያስጸለየችው ልጅ እኔ መሆኔን ነገርኩት፤ እሱ ያዋረዳቸው ሰው ደግሞ አካኮ መሆናቸውን። ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ ለጨዋታ ነው የተናገርኩት» አለ። ወንበር ሳበልኝ። «ነይ ቁጭ በይ። ኩባን በአንድ ሰዓት ልጨርስልሽ፤ ምን ያደክምሻል? ዝናቡንም፣ ከብቱንም፣ ሰዉንም እኔ ልንገርሽ።»

እውነቱን ለመናገር ፈተነኝ። በዚያው ምሽት በርጩማዋ ላይ እቀመጥ ነበር። ሰጎኑ ትዝ አለኝ።

«አይ ዶክተር፣ እርስዎ ከነገሩኝ ጭቃው የእርስዎ ነው የሚሆነው። የቃላቱን ትርጉም ብቻ ይንገሩኝ።»

ምን እንዳልኩ አልገባውም፤ ራሱን አከከ። ቃላቱን ግን ነገረኝ፤ በዚያን ቀንም፣ በየቀኑም። እሱም ያልገባው ቃል ሲመጣ በስፓኒሽ ያጉረመርምና «ይቆየኝ» ይለኛል። እናቴ ክንዴን እያሸች «ልጅ ነው የወለድኩት ወይስ ጥቁር ሰሌዳ?» ትላለች። አባቴ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ በጠርሙስ ላምባ ይዞ መጣና ከኩራዜ አጠገብ አስቀመጠልኝ። በእኛ ቤት ላምባ ተቆጥቦ የሚነድ ነገር ነበር። ያንን ጠርሙስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በሐምሌ አቧራ፣ በነሐሴ ደረቅ ብርድ፣ ኩባ እየተገለጠችልኝ መጣች። አባቷ ሸንኮራ ቆራጭ የሆነ የእኔ እኩያ ልጅ አለች። አያቷ ሰማዩ ሲጠቁር ጣሪያውን በገመድ ከዛፍ ጋር ታስራለች። ዝናቡ ይመጣና ሦስት ቀን ሙሉ አይቆምም፤ ገመዱ ይበጠሳል፣ ጣሪያው ይሄዳል፣ ወንዙ ሸንኮራውን ይዞት ይሄዳል። ስልሳኛው ገጽ ላይ አለቀስኩ። እኔ ነገሌ ተቀምጬ ላሞቻቸውን በድርቅ የገደልኩባቸው ሰዎች ለካ ጣሪያቸውን በገመድ እያሰሩ ነበር። ከጳጉሜን በፊት ጨረስኩ። መጽሐፉን ይዤ አካኮ ጋ ሄድኩ፤ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

«አካኮ፣ ኩባን ጨርሻለሁ። የእውነቱን ልንገርዎት።»

«ለእኔ?» አሉ፣ ሳያዩኝ። «እኔ ብቻዬን መቼ ሰማሁት? ገበያ ላይ የቆሸሸ ገበያ ላይ ይታጠባል።»

ቅዳሜን ጠበቅሁ። ያኔ ሴት ልጅ፣ ያውም የአሥራ ሁለት ዓመት፣ ከግራሩ ሥር ቆማ ለሽማግሌ ማውራቷ የተለመደ አልነበረም። ሆኖም ሄድኩ። እናቴ ልትከለክለኝ አፏን ከፍታ ተወችው። ከፊታቸው ቆምኩና «ያኔ ስለ ኩባ ያልኩት ሶባ ነበር፤ መጽሐፉን ሳላነብ ነው ያወራሁት። አሁን አንብቤ መጥቻለሁ» አልኩ። አካኮ ዳር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዲትም ቃል አልረዱኝም። ጠያቂው ሌላ ሽማግሌ ሆኑ።

«ናጋ?»

«ናጋ።»

«ዝናቡስ?»

«ከልክ በላይ ነው። ጣሪያ ይወስዳል።»

«ውሃው ከየት ይቀዳል?»

«ከጣሪያው ወርዶ በርሜል ይሞላል፣ እንደ እኛው። ከቤቱ ጀርባም ጉድጓድ አላቸው፤ ጎርፉ ሲገባበት አፍልተው ይጠጣሉ።»

«ሰዉስ?»

«ጣሪያ የሄደበትን ጎረቤት ሁሉም ተሰብስቦ ይሠራለታል።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልቤ መለስ አለ። ያኔ ነው ያልጠበቅሁት የመጣው።

«ላሞቻቸውስ? ከጎርፉ በኋላ ታለቡ?»

መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ላም ነበረች፤ ጎርፉ ሲመጣ ወደ ኮረብታው ነዷት፣ ከዚያ ደራሲው ረስቷታል። መቶ አሥራ ስምንቱንም ገጽ በሐሳቤ ገለጥኩ፤ የለም። ከኋላዬ ዶክተር ኩባ መቆሙን አይቻለሁ። «ታልበዋል» ብል ማን ያውቅብኛል? ደግሞ ምን ጉዳት አለው? ሁሉም እየጠበቁ ነበር። አካኮን አየኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን እያዩ ነበር።

«አላውቅም» አልኩ። «ያነበብኩት ይህን አልነገረኝም።»

አካኮ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይኼው ጭቃው!» አሉ፣ በአማርኛ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። ከተቀመጡበት ሸሸት ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። የላሞቹን ነገር ዶክተር ኩባ ተቀብሎ አወራ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እንደገና መረቁ። የኩባ ነፋስ እንዲበርድ፣ ዝናቧ በልክ እንዲሆን፣ ጣሪያዋ እንዲጸና። አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ መጨረሻ ላይ «ትርፉንም ወደ ሊበን ይምራልን!» ብለው ጨመሩ፤ «ሃ ታኡ» ያልን ጊዜ የሁላችንም ድምፅ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። ዝናቡ በጥቅምት መጣ። ከኩባ ተርፎ ይሁን አይሁን አላውቅም።

የቀሩትን አራት የእንግሊዝኛ መጻሕፍት በሁለት ዓመት ውስጥ ጨረስኳቸው፤ በእያንዳንዳቸው ክንዴ ጠቁሯል። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን አገር ቆጥሬ አልዘልቀውም። በእግሬ ግን እስከ ዛሬ ከሞያሌ ድንበር አልፌ አላውቅም፤ እንዲህ ስል ሰዎች ያዝኑልኛል። ማዘናቸው አይገባኝም። ማንኛውንም መጽሐፍ ስከፍት አስቀድሜ የአገሩ ውሃ ከየት እንደሚቀዳ እፈልጋለሁ፤ እሱን ካገኘሁ ገብቻለሁ ማለት ነው። ካላገኘሁ ደግሞ አላውቅም እላለሁ። ከልጅነቴ የቀረልኝ ሀብት ይኼ ነው፣ እንጀራዬም በዚሁ ነው። ዛሬ ያቤሎ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ስለ ዝናብና ግጦሽ ከየቀበሌው መረጃ አሰባስቤ ሪፖርት እጽፋለሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የከፋ ድርቅ ነበር። ዱብሉቅ አጠገብ ያለ አንድ ኩሬ ውሃ መያዝ አለመያዙን እንድጽፍ ታዘዝኩ። መንገዱ መጥፎ ነው፣ መኪና የለም፤ ባልደረባዬ «ስልክ ደውለሽ ጠይቂና ጻፊ፣ ማን ያይሻል?» አለኝ። የኩባ ላም ትዝ አለችኝ። በጭነት መኪና ተሳፍሬ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ኩሬው ውስጥ ገባሁ። ከዚያው ሳልመለስ አካኮ ታመዋል የሚል መልእክት ደረሰኝና በቀጥታ ወደ ነገሌ ተጓዝኩ።

ያቺው ቤት ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ጆሯቸው ደክሟል፤ ከአልጋቸው አጠገብ በርጩማዋ አለች። ከሊበን የመጡ ሦስት ከብት አርቢዎች ዙሪያቸውን ተቀምጠው ይመካከራሉ፤ ሣራቸው አልቋል። ወደ ዱብሉቅ በኩል ውሃ አለ የሚል ወሬ በስልክ ሰምተዋል፤ የቀሩትን ላሞች ይዘው ሊሄዱ ነው፣ ወይም ሊቀሩ ነው። ከተሳሳቱ መንገድ ላይ ያልቃሉ። እኔ ስገባ ቦታ ለቀቁልኝ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ «አካኮ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ናጋ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«ናጋ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ራሴን ሊዳስሱ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ፤ እጃቸው ግን ወደ ታች ወርዶ ጫማዬን ፈለገ። ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ በጣታቸው ፈረፈሩት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ከዚያ በማያይ ዓይናቸው ወደ ሦስቱ ሰዎች ዞሩ።

«ጠይቋት» አሏቸው።